ከወሊድ በኋላ ስለሚቋረጠው የእናቶች ክትትልና የታይሮይድ ምርመራ ለጤና ጣቢያችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምንገለገልበት ጤና ጣቢያ አስተዳደር
ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል ኃላፊ
ጅማ

ጉዳዩ፦ ከወሊድ በኋላ የሚደረገው የእናቶች ክትትል እንዲራዘምና የታይሮይድ ናሙና መላኩ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባለፈው መስከረም በክትባት ክፍሉ በር ላይ በእጅ ተጽፎ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁለት ውሳኔዎችን ይዞ ነበር። አንደኛው፣ ከወለደች ስድስት ሳምንት ያለፋት እናት ለራሷ ጤና ስትመጣ ከእንግዲህ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል መታየቷ ቀርቶ በተመላላሽ ሕክምና አዲስ ካርድ አውጥታ ወረፋ እንድትይዝ ያዛል። ሁለተኛው፣ ለታይሮይድ ምርመራ የሚወሰደው የደም ናሙና ወደ ሆስፒታል ላብራቶሪ መላኩ «እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ» መቋረጡን ይገልጻል። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ ሌላ ማስታወቂያም እስከ ዛሬ አልወጣም። በዚህ ጤና ጣቢያ የወለድንና ልጆቻችንን የምናስከትብ የሰፈሩ እናቶች በቃል ጠይቀን «ከላይ የመጣ ነው» ከሚል የዘለለ መልስ ስላላገኘን ቅሬታችንን በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ ተገደናል።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ሕመም እንደምንናገር እናስረዳ። የታይሮይድ ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የምትገኝ፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የልብ ምትንና የኃይል አጠቃቀምን የሚመራ ሆርሞን የምታመነጭ ዕጢ ናት። በእርግዝና ጊዜ ረገብ ብሎ የሚቆየው የሰውነት መከላከያ ከወሊድ በኋላ ሲነቃ በአንዳንድ እናቶች ላይ ይህችኑ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃታል፤ ሐኪሞች የድኅረ ወሊድ የታይሮይድ ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። መጠኑ ከአገር አገር ቢለያይም በአብዛኛው ከ100 ወላዶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን እንደሚያገኝ ይገመታል። የተጎዳችው ዕጢ መጀመሪያ ያከማቸችውን ሆርሞን ወደ ደም ትለቅቃለች፤ በዚህ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከ1ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ውስጥ፣ እናቲቱ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል፣ ሕፃኑ ተኝቶላት እንኳ እሷ አትተኛም። ክምችቱ ሲያልቅ ነገሩ ይገለበጣል። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ወር ገደማ ሆርሞኑ ያንስና ይደክማታል፣ ይበርዳታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ቆዳዋ ይሻክራል፣ ወተቷ ሊቀንስ ይችላል፣ ክብደቷም አልወርድ ይላል ወይም ይጨምራል። ሁሉም ታማሚ ሁለቱንም ደረጃ አታልፍም፤ አንዳንዷ የመጀመሪያውን ብቻ፣ ሌላዋ ሁለተኛውን ብቻ ታያለች። አብዛኞቹ እናቶች ከ12 እስከ 18 ወራት ባለው ጊዜ ይድናሉ፤ ጥቂት የማይባሉት ግን ዕጢያቸው ሳያገግም ይቀርና ዕድሜ ልክ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቅሬታችን ከቀኑ አቆጣጠር ይነሳል። ለወላድ የተቀመጠው የክትትል ቀጠሮ በ24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ በአብዛኛው የሚገለጠው ግን ይህ ቀጠሮ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ እናቲቱ አዋላጅ ነርሷን በዚያው ክፍል አግኝታ «እንዲህ እንዲህ ይለኛል» የምትልበት ዕድል ነበራት፤ አዲሱ ማስታወቂያ ያንንም ዘጋው። የዘጠኝ ወር ሕፃን አዝላ በድካም የምትንገዳገድን ሴት አዲስ ካርድ አውጪ፣ ከተመላላሽ ታካሚዎች ጋር ተሰለፊ ማለት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ይህ የሆነው እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያው መምጣት ስላቆመች አይደለም። ልጇን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ለኩፍኝ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ታስከትባለች። ማለትም ሕመሙ ሊታይ በሚችልባቸው ወራት እግሯ ከግቢያችሁ አልጠፋም። በክትባት ክፍሉ የሕፃናቱ ሚዛን ተንጠልጥሎ ልጆቻችን አንድ በአንድ ይመዘናሉ፤ ክብደታቸው በካርዳቸው ላይ ይሞላል፤ ግማሽ ኪሎ ከጎደለ እናቲቱ ትጠየቃለች። በዚያው ክፍል ጥግ ያለው የአዋቂ ሚዛን ግን የጓንት ካርቶን ተደራርቦበት ከርሟል። አንዲት እናት ካርቶኑን በገዛ እጇ አውርዳ ልትመዘን ስትል «እሱ ለእርጉዝ ነው» ተብላለች። ለእኛ ይህ ከማስታወቂያው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ የመጣነው ልጅ ለማስከተብ ብቻ ተደርጎ ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ክብደት ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ነው። ከመካከላችን አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት በወለደች በሰባተኛው ወሯ፣ መጋቢት ውስጥ፣ ጅማ በምትሞቅበት ሰሞን፣ ጋቢ ደርባ ክፍል ትገባ ነበር። ድምጿ ጎርነን ብሏል፣ ፊቷ ጠዋት ጠዋት ያብጣል፣ የተማሪዎቿ ስም ይጠፋባታል፣ የአራስነት ጊዜዋ ካለፈ በኋላም ክብደቷ እየጨመረ ሄደ። በተመላላሽ ክፍል ያያት ባለሙያ አንገቷን ሳይዳስስ፣ በቤተሰብሽ እንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ፣ «ገንፎውን ቀንሺ፣ እንቅስቃሴ አድርጊ» ብሎ ሸኛት። በኋላ በግል ላብራቶሪ ስትመረመር ቲኤስኤች የሚባለው ልኬት ከተለመደው ወሰን በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ይህ ልኬት ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ታይሮይድን «ሥሪ» እያለች የምትልከው ትእዛዝ ነው፤ ከፍ ሲል ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው። መምህርቷ የባሰ ያሳመማት ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡ «ወፍረሽ አምሮብሻል» እያለ፣ ባለሙያው «ትበያለሽ» እያለ፣ የሚያምናት ሰው ማጣቷ ነው።

ክብደት ያልቀነሰች ሴት ሁሉ ታይሮይድ አለባት ብለን አንከራከርም፤ ይህን እንድትረዱልን እንፈልጋለን። ቀድሞ ጤናማ ክብደት የነበራት ሴት በእርግዝና ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር የሚጠበቅ ነው፤ ልጁ፣ የእንግዴ ልጁና ፈሳሹ ሲወጡ የሚቀንሰው ግን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረው ወራት ይፈልጋል። በአራስ ቤት ቅቤ የዋጠው ገንፎና አጥሚቱ ከወሩ በኋላም ሳይቀነስ ይቀጥላል፤ ሌሊቱ በቁርጥራጭ እንቅልፍ ያልፋል፤ የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ሴት ደግሞ ከመርፌውም ክብደት ልትጨምር ትችላለች። የታይሮይድ ማነስ ብቻውን የሚያመጣው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ከዚያውም ብዙው በሰውነት የተያዘ ጨውና ውኃ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲጀመር ወገብ ወዲያው ይመለሳል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሰውም እንደዚያው ያሳስታል። ድካሙ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀትም ሊሆን ይችላል። ችግሩ እነዚህን ሁሉ ከአንድ መልስ በታች መጠቅለሉ ላይ ነው። «ገንፎ ቀንሺ» ምናልባት ለአሥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለአሥራ አንደኛዋ ግን ሕክምናዋን በወራት ያዘገየባታል፣ የትኛዋ አሥራ አንደኛ እንደሆነች ደግሞ ዓይን አይለይም።

ክፍተቱን ሌሎች እየሞሉት ነው። የቦርጭ ማጥፊያ ተብለው የሚሸጡ ሻዮች በየሱቁ አሉ፤ ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚያስወጡት ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፣ የምትጠጣቸውም ጡት የምታጠባ ሴት ናት። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለአንዷ የታዘዘ የታይሮይድ ክኒን ለጎረቤቷ «ክብደት ይቀንሳል» ተብሎ መካፈሉን መስማታችን ነው። ዕጢዋ ጤነኛ የሆነች ሴት ይህን ክኒን ለመክሳት ብትወስድ የልቧ ምት ሊዛባ፣ ከቆየችበትም አጥንቷ ሊሳሳ ይችላል። ይህን በጤና ጣቢያው የጠዋት ትምህርት ላይ የሚናገር አንድ ሰው እንኳ ገና አልሰማንም።

ሦስተኛው ቅሬታችን የናሙናው መቋረጥ ነው። በጅማው መርካቶ አትክልት የምትሸጥ አንዲት እናት ምርመራው ሲታዘዝላት ናሙናው ከዚህ አይላክም ተባለችና በግል ላብራቶሪ የተጠየቀችው ዋጋ ከሳምንት ትርፏ በለጠ። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ እንደያዘች ክረምቱ ገባ። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የተደረገው ድሃዋ እናት በገንዘብ ምክንያት እንዳትቀር ነው፤ ወሊዱ ያመጣው ሕመም ሲሆን ግን ያው ገንዘብ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ናሙናው ይላክ በነበረበት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከሌሎች ናሙናዎች ጋር በአንድ ሳጥን ይሄድ እንደነበር የምናውቅ ስለሆንን የትራንስፖርት ችግር ነው የሚለውን ሹክሹክታ ለመቀበል ይቸግረናል። የበጀት ጉዳይ ከሆነ ይነገረን።

አራተኛው ቅሬታ የሚመለከተው ምርመራውን ሳይጠብቁ የሚሰጥን ሕክምና ነው። ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት እናት በወለደች በሦስተኛ ወሯ ልቧ እየመታና እጇ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እስኪያቅታት ድረስ ደረሰች። «ታይሮይድሽ በዝቷል» ተብላ ሆርሞን እንዳይመረት የሚከለክል ክኒን ተጀመረላት። በድኅረ ወሊድ ብግነት ጊዜ ግን ዕጢዋ አብዝታ አታመርትም፤ የተከማቸው ነው የሚፈስሰው። ምርት የሚከለክል ክኒን ለዚህ አይጠቅምም፤ የልብ ምቱ ካስቸገረ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ መድኃኒት ለጥቂት ጊዜ ይሰጣል፣ ደሙም ከ4 እስከ 8 ባለው ሳምንት ልዩነት በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል። በእርግጥ ዕጢዋ ራሷ ከልክ በላይ የምታመርትበት ሌላ ሕመም አለ፣ ለእሱ ክኒኑ ተገቢ ነው፤ ሁለቱን መለየት የሚቻለው በምርመራና በክትትል ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ማስታወቂያው የዘጋቸው ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ክኒኑን እየዋጠች ወደ ሁለተኛው ደረጃ ገባች። ያበጠው ፊቷን ያየ ሰው ሁሉ የቤቷ ምቾት መስሎት ነበር።

ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚሰጠው ምክርም ለብቻው ይነሳልን። ሌቮታይሮክሲን የተባለው የሆርሞን ምትክ ክኒን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ የሚወሰድ ነው። ቡና ከክኒኑ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ከተጠጣ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል፤ አይረን (ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን) እና ካልሲየም ደግሞ ይዘው ስለሚያስቀሩት ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። አሁን አስቡት፦ ጅማ ውስጥ ያለ ቡና የሚነጋ ቤት ስንት ነው? ለወላድስ አይረን የሚሰጠው ይኸው ጤና ጣቢያ አይደለም? የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች አንዲት እህታችን ክኒኑንና አይረኑን አንድ ላይ በመዳፏ አድርጋ በጠዋቱ የቡና አቦል ስታወራርድ ቆየች። ልኬቷ አልስተካከል ሲል መጠኑ ተጨመረ፤ እንደገና ተጨመረ። እንዴት እንደምትወስድ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ የጠየቃት በመጨረሻ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው። ሰዓቱን ስትለይ ልኬቷ ተስተካከለ፤ እንዲያውም በተጨመረው መጠን ምክንያት ልቧ መምታት ጀምሮ እንደገና ተቀነሰላት። ክኒኑ ለምታጠባ እናት አደጋ እንደሌለውም የነገራት ስላልነበረ፣ በዚያው ጊዜ ልጇን ጡት ልታስጥል ተቃርባ ነበር።

ሁለት ጉዳዮችን በአጭሩ እናክል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ከዚያም ወተት ያልመጣላትና የወር አበባዋ ያልተመለሰ እናት በቲኤስኤች ብቻ «ደህና ነሽ» ልትባል አይገባም፤ ጉዳቱ ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ትእዛዙ ራሱ ሳይነሳ ልኬቱ ጤናማ መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለችው እናት ወዲያው ሪፈር ሊጻፍላት ይገባል። ሁለተኛው ስለ ጨው ነው። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ደንብ ተደንግጎ ሳለ በገበያችን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ በጣሳ የሚሰፈር ጨው ዛሬም አለ፤ የምታጠባ ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። አዮዲን ከላይ የገለጽነውን ብግነት አያድንም፤ እንቅርት በአያቶቻችን አንገት ላይ ባየንበት አካባቢ ግን ስለ ጨው አያያዝ በክትባት ቀን ሁለት ደቂቃ መናገር ብዙ አይሆንም።

«ወላድን ሁሉ መርምሩ ነው የምትሉት?» ልትሉን ትችላላችሁ። አይደለም። ምርመራው ምልክት ለታየባቸው፣ ከዚህ ቀደም ከወሊድ በኋላ ይህ ለደረሰባቸው፣ በቤተሰባቸው የታይሮይድ ሕመም ላለባቸውና ኢንሱሊን ለሚወስዱ የ1ኛው ዓይነት የስኳር ታማሚዎች ቢሰጥ ይበቃናል። በተለይ አንድ ጊዜ የደረሰባት ሴት በሚቀጥለው ወሊድ እንደገና የሚደርስባት ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ሳይታወቅ ዳግም ካረገዘች ደግሞ የፅንሱ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእሷ ሆርሞን ስለሆነ ጉዳቱ ከእሷ ያልፋል።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የመስከረሙ ማስታወቂያ ተነሥቶ፣ ከወለደች አንድ ዓመት ያልሞላት እናት ለራሷ ጤና ስትመጣ በነባር ካርዷ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል እንድትታይ ይደረግ። ልጆቻችን በ14ኛው ሳምንትና በ9ኛው ወር ሲከተቡ እናቲቱም ትመዘን፣ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ይለካ፣ አንገቷ ይዳሰስ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ልብ ምት፣ ስለ ወተትና ስለ ስሜቷ አጭር ጥያቄ ትጠየቅ፤ ለዚህ አዲስ ክፍልም አዲስ ሠራተኛም አያስፈልግም፣ ካርቶኑን ከሚዛኑ ላይ ማንሳት ይበቃል። የታይሮይድ ናሙና በሳምንት አንድ ቀን መላኩ ይመለስ፤ መመለስ ካልተቻለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽና መክፈል ለማይችሉ እናቶች ምን እንደታሰበ ይነገረን። ምርት የሚከለክለው ክኒን የሁለቱ ሕመሞች ልዩነት ሳይጣራ ለወላድ እንዳይጀመር ለባለሙያዎቻችሁ መመሪያ ይሰጥ። ሌቮታይሮክሲን የታዘዘላት እናት ስለ ባዶ ሆድ፣ ስለ ቡናና ስለ አይረን የሚያስረዳ ወረቀት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ ይሰጣት፤ ማንበብ ለማትችለው በቃል ተነግሯት መልሳ እንድትናገር ይደረግ፤ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግመኛ የምትለካበት ቀጠሮም በካርዷ ይጻፍላት።

በዚህ ደብዳቤ የጠቀስናቸው እናቶች ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል፤ ካርዳቸውንና የላብራቶሪ ውጤታቸውን ይዘው ለመቅረብም ዝግጁ ናቸው። መልሳችሁን በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ በቃል ለመነጋገር ከፈለጋችሁ ተወካዮቻችን በማንኛውም የክትባት ቀን እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ይገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር

በጤና ጣቢያው የወለዱና ልጆቻቸውን የሚያስከትቡ የሰፈሩ እናቶች ተወካይ፣
የሰፈሩ ሴቶች እድር ጸሐፊ
ጅማ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ክፍል
ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት
ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች